ልጃችን መርዶ የሰማበት ጠዋት

ልጃችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ የሚሠራ ተዋናይ ነው። እንዴት ጀመረ ብለው ሰዎች ይጠይቁኛል። የጀመረው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ቤታችን የመጣን እንግዳ ሁሉ አስመስሎ ያሳየን ነበር። ከሁሉ የሚያስቀን የዕድራችንን ሰብሳቢ ሲሆን ነው። እሳቸው ሰው ሲሞት በማለዳ ሽማግሌዎች አስከትለው ሄደው መርዶ የሚነግሩ ሰው ናቸው። ልጁ የአባቱን ካፖርት ለብሶ በር ያንኳኳል፤ ይገባል፤ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ይላል፤ ጉሮሮውን ጠርጎ መሬት መሬት ያያል። ባለቤቴ "ተው፣ በዚህ አይቀለድም" ይልና ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ባለቤቴ እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ነበር። ልጁ ፋርማሲ እንዲማር ይመኝ ስለነበር ኮሌጅ አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ለብዙ ወራት አላነጋገረውም። ከዚያ ልጁ በቴሌቪዥን ብቅ ማለት ጀመረ። አንድ ጊዜ ታክሲ ነጂ ሆነ፣ ሌላ ጊዜ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ፣ በመጨረሻም ሬሳ። ያን ቀን ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ "አሁንም አስተኝተውሃል?" አለው። ልጁ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ፣ አልጋው ምቹ ነው ብሎ መለሰለት። በዚሁ ታረቁ። በኋላ በየሳምንቱ የሚታይ ድራማ ላይ ዶክተር ሲሆን፣ ባለቤቴ የጋራዡን ደንበኞች ሁሉ ልጄ ፋርማሲስት ባይሆንም ፋርማሲስት ያዛል እያለ ያስቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሥራ ቦታው ወድቆ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ሰብሳቢው ሽማግሌዎች አስከትለው ወዲያው መጡ። ልጁ እዚያ ብቻውን ነው፣ በስልክ አይነገረውም፣ አባትህ ታሟል ብለሽ ጥሪው አሉኝ። እኔም የእናቴን ሞት የሰማሁት ሰው ከቦኝ ነውና ተስማማሁ። የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ነው፤ ዋሻችሁኝ ብሎ እኒህን ሽማግሌ በሰው ፊት ቢያዋርዳቸውስ?

ደወልኩለት። አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ብትመጣ ጥሩ ነው አልኩት። ድምፁን ልስማው አለ። ተኝቷል አልኩ። ከዚያ በአማርኛ፣

"እማዬ፣ አንቺ ትወና አትችይም" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ እያዩኝ ስለነበር ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

"ምንም አትበይ። እነሱ እዚያ ናቸው አይደል? እመጣለሁ። እነሱ ይንገሩኝ።"

ወንድሜ ከኤርፖርት ተቀብሎ፣ ሆስፒታሉ በዚህ ሰዓት ጠያቂ አያስገባም ብሎት በርክ ከተማ ወዳለው ቤቱ ወሰደው። እሱም እንዳመነ ሰው እራቱን በልቶ ተኛ። በማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድን። ሰብሳቢው አንኳኩተው ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መሬት መሬት አዩ። ልጄ አየኝ። ያ የልጅነት ጨዋታ ትዝ እንዳለው አወቅኩ።

እሱ ግን ብድግ ብሎ እጅ ከነሣቸው በኋላ "አባቴ እንዴት አደረ?" አላቸው።

ነገሩት። ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ሰብሳቢው ራሳቸው እያለቀሱ ትከሻውን ይዘው አባበሉት። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በወንድሜ መኪና ሲከተለን፣ ሰብሳቢው በመኪናቸው ውስጥ፣

"ምስኪን፣ ምንም አልጠረጠረም" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ" አልኳቸው።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛው ሲቀል ልጄን ጠየቅኩት፤ ያን ጠዋት ትወና ነበር ወይ አልኩት።

"እንዴት አደረ ያልኩት ብቻ" አለኝ።