የህንድ ቆሎና አፉ የታሰረው ውሻ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚነገረን ዘይት ሲግል ብቻ ነበር። አውሮራ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ በምንኖርበት አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ በር ቀጥሎ፣ እማማ ስንዱ የሚባሉ የድሬዳዋ ሴት ይኖሩ ነበር። እናቴ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ታጸዳ ስለነበር፣ እሷ እስክትመለስ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ናሆምን የሚጠብቁን እሳቸው ናቸው።

የእማማ ስንዱ እናት ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ህንድ ነጋዴ ወጥ ሠሪ ነበሩ፤ እሳቸውም ያደጉት እዚያ ቤት ጓዳ ነው። ከዚያ ቤት የቀራቸው ደግሞ እኛ «የህንድ ቆሎ» የምንለው ነገር ነበር። ተጨፍልቆ የደረቀ ሩዝ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲወድቅ ባንዴ ነጭ ሆኖ ይፈካል፤ ሳይጠቁር በቀዳዳ ጭልፋ ይወጣል። ከዚያ ለውዙ፣ ክክ ሽምብራው፣ ከህንድ ሱቅ የሚመጣው ሽታው አፍንጫ የሚይዝ ቅጠል ይጠበሳል። በመጨረሻ ሰናፍጭ በትንሽ ዘይት እየተንጣጣ እርድ ይነሰነስበትና ሁሉም ትልቅ ሳፋ ውስጥ ከጨው፣ ከስኳር፣ ከዘቢብና ከሚጥሚጣ ጋር ይታሻል። ኮርንፍሌክስም ይጨምሩበታል፤ ህንዶቹ ቢያዩኝ ይስቁብኝ ነበር ይላሉ። ቅቤም ወተትም የሌለበት ስለሆነ በጾም ወራት ለጎረቤቱ ሁሉ ይሠሩታል።

ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ምንጣፉ የሚያልቅበት ጠርዝ ነው። እማማ እዚያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡንና «ከዚህ እግሩን ያሳለፈ ተረት የለውም» ይሉናል። ዘይቱ መጋል ሲጀምር ተረቱ ይጀምራል፣ ስቶቩ ሲጠፋ ያልቃል። ለካ ተረቱ ከእሳቱ ማራቂያ ገመዳችን ነበር፤ ያኔ ግን ይህን ማን አስቦት።

ከምንጣፉ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ የጭስ አላርም አለ። ሰናፍጩ በተንጣጣ ቁጥር እየጮኸ ስላስቸገራቸው በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው በላስቲክ አስረውታል። የእኛም ቤት እንደዚያው ነው፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ስለሚጮህ የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ ያደርገዋል። እኔ ግን ቀና ባልኩ ቁጥር ፊቱን የተሸፈነ ሰው ከላይ የሚያየን ይመስለኝ ነበር።

በነቢያት ጾም አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ እየጣለ ነበር። እማማ ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸውን ይወጋሉ፣ ግን ይጾማሉ። እናቴ ኧረ እባክዎ ይብሉ ብላ ስትለምናቸው «ሞት እንደሆነ በልቼም አይቀርልኝ» እያሉ ይስቁባታል። ያን ቀንም አልበሉም። ሩዙን ጠብሰው ጨርሰው ለለውዙ ዘይት ጨመሩና፣ እስኪግል ልረፍ ብለው ወንበራቸውን ግድግዳው ጋ ስበው ተቀመጡ።

አንድ ሰው ነበረ አሉ፤ ውሻው ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳው። ሰውየውም አንድ ምሽት የውሻውን አፍ በጠፍር አስሮ ተኛ። ከወንዙ ማዶ ጅብ ነበረ። ጅቡ ትንሽ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል። የሚጮህ የለም። ደግሞ ትንሽ ይራመዳል። እማማ ጅቡ በቀረበ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ እያደረጉ ሲሄዱ እኔና ናሆም ተጠጋጋን።

«ጅቡም በሩ ጋ ደረሰ» አሉ። «በሩ ጋ ደርሶ...»

ዝም አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሆን ብለው ቆም ይላሉ። ስለዚህ ጠበቅን። መስኮቱ ጨለመ፣ የስቶቩ ክብ ፍም መስሎ ቀላ። ናሆም አላስችለው ብሎ «እሺ ዜን ዋት፣ ከዚያስ፣ እማማ?» አለ። አልመለሱም። ጭልፋው እጃቸው ላይ ነው፣ ጭንቅላታቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከድስቱ ቀጭን ጭስ ተነሳ፤ ቆየት ብሎ ወፈረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጉሮሮ መያዝ ጀመረ። ጭሱን በዓይኔ ተከትዬ ቀና አልኩ። ፌስታሉ ከታች በሚመጣው ሙቀት ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። የሚጮህ የለም።

ያኔ ጅቡ የት እንዳለ አወቅሁ።

ከጠርዙ አለፍኩ። ስቶቩን አጠፋሁ፣ እማማን ጠርቼ ነቀነቅኋቸው፣ ክንዳቸው ከነጭልፋው ወደ ጎን ወደቀ። ናሆምን በኮሌታው ጎትቼ ወጣሁና ፊት ለፊታችን የምትኖረውን የሜክሲኳዊቷን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት።

የመጡት ረጃጅም ሰዎች በረዶ ባዘለ ጫማቸው ምንጣፉን እየረገጡ ገቡ። አንዱ ክንዳቸው ላይ መርፌ ሲሰካ፣ ሌላው ቀና ብሎ ፌስታሉን አየ፣ እኔንም አየ፤ እጁን ዘርግቶ ቀደደው። አላርሙ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። በዚያ ጩኸት ውስጥ እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰዎቹ በእንግሊዝኛ ስማቸውን ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸው የሚያዩት ግን እኔን ነው።

«የት ደርሼ ነበር፣ ልጄ?»

«ጅቡ በሩ ጋ ደርሶ ነበር፣ እማማ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ አልገባም» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

እናቴ ያን ምሽት ከነካፖርቷ ወንበር ላይ ወጥታ የእኛን ፌስታል አወረደች። እማማ ስንዱ ዳኑ፤ ግን ልጃቸው ቶርንተን ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው፣ ስቶቭም አያስነካቸውም ነበር። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከሱቅ የተገዛ ብስኩት ያቀርቡልናል። ተረት አይጀምሩም፣ እኔም የተረቱን መጨረሻ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ሲሞቱ ይዘውት ሄዱ።

ልጄን አርግዤ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ የምኖረው ሞንትቤሎ ነው፤ የህንዱን ቆሎ እኔም እሠራለሁ፣ የእሳቸውን ያህል ባይፈካልኝም። ዘመዱም ጎረቤቱም ዝምተኛ ነሽ ይለኛል፤ እውነታቸውን ነው። ብቻ ልጄ ሌላ ክፍል ስትጫወት፣ ስትዘፍን፣ ከአሻንጉሊቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ቆይታ ድንገት ዝም ያለች እንደሆነ፣ የያዝኩትን እጥላለሁ። እሮጣለሁ። ብዙ ጊዜ ተኝታ ነው የማገኛት። አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን እሰማለሁ።