ዌንደል ሞኖብሎክ ሲመርጥ

በእኛ በኦሃዮ በቆሎ አገር፣ ዌንደል ስትሬየር በብዙ ነገር ይታማ ይሆናል እንጂ በጆሮው አይታማም ነበር። በየበጋው በወረዳው ባዛር ትንንሽ የሣር ማጨጃ ትራክተሮች ጭነት እየጎተቱ ይወዳደራሉ፤ ሞተር ሊሠራ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ አሮጌ ሞኖብሎክ፣ ማለትም የሞተሩን ዋና አካል ብረት፣ ተሸክሞ ወደ ዌንደል ጎተራ ይሄዳል። ዌንደል ብረቱን በሰንሰለት ያንጠለጥልና በመዶሻ መታ ያደርገዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ያኔ "አበባ ትከልበት" ብሎ ይመልሰዋል። በየደጃችን የፔቱኒያ አበባ የበቀለባቸው የሞተር ብረቶች የሚታዩት ለዚህ ነው።

ኋላ ላይ ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። ሰው ያመጣለትን ብረት ሁሉ "አበባ ትከልበት" ማለት አበዛ፤ ሰፈሩ በፔቱኒያ ተጥለቀለቀ። ለራሱ የመረጣቸው ደግሞ ሜዳ ላይ ፈነዱ። የአንደኛው ስባሪ ኮፈኑን በስቶ በጉልበቱ አጠገብ አለፈ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ሆነብኝ። ለሰው እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው ለራሱ እንዴት ዝም ብሎ ያነሣል? ጎረቤቱ ነኝ፣ የሰው ነገር ሳይገባኝ ሲቀር ምግብ አይወርድልኝም።

ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለውና ሚስቱ ኔድራ እኔ እነዳለሁ አለች። የሚመረጠው ሞኖብሎክ እንግዲህ ከእሷ ፊት የሚቀመጥ ነው። ይህን ስሰማ ሩባርብ በሚባል ጎምዛዛ ተክል የጋገርሁትን ጣፋጭ ፓይ ይዤ ጎተራቸው ገባሁ፤ ፓዩ ሰበብ ነው።

ሦስት ብረቶች ተንጠልጥለዋል። አንዱ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማጨጃ የወጣ፣ አንዱ ከእኔ አጥር ሥር የተነሣ ዝገታም። ዌንደል ቀለም የተቀባውን መታው። ለእኔ የእህል ጆንያ የመታ ነው የመሰለኝ። እሱ ግን ደግሞ መታው፣ እጁን አሳረፈበት፣ ለስላሳነቱን ዳበሰው። ዘንድሮም በዓይኑ ሊመርጥ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሌላው ጆሮውን ሲሸፍን እሱ "ሞተሩን ልስማው" እያለ ያልተሸፈነ ጆሮውን ሲሰጥ ኖሯል።

ልናገር አፌን ስከፍት ቀና ብሎ ኔድራን አያት። ትራክተሩ ላይ ወጥታ መቀመጫውን እየለካች ነበር፤ እግሯ መርገጫው ላይ በግድ ይደርሳል። መዶሻውን አስቀመጠ።

"ኔድራ፣ ነይ እስቲ። አንቺ ስሚልኝ" አላት። "እኔ ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ወርዳ ፊቱ ቆመች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እንዲያይ አድርጋ ተናገረች።

"እራት ቀረበ እያልኩ ስጣራ ዝም ስትለኝ፣ ሰለቸሁህ ብዬ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። መዶሻውን አንሥቶ አቀበላት።

እሷ ትመታለች፣ ጣቷን ታነሣለች፣ ድምፁ ሲጠፋ ታወርዳለች። እሱ ጣቷን ያያል። ቀለም የተቀባው ላይ ጣቷ ገና ሳይነሣ ወረደ። የቤተ ክርስቲያኑም ከዚያ እምብዛም አልተሻለም። የእኔ ዝገታም ላይ ግን ጣቷ እንደተነሣ ቆየ፤ ዌንደል ክንዷ እንዳይዝልባት ይመስል እየሳቀ እጇን ይዞ አወረደላት።

በባዛሩ አላሸነፈችም። ሞተሩ ግን እስከ መጨረሻው ሳይሰነጠቅ ጎተተ፤ ዌንደልም አጥሩን ጨብጦ፣ ንዝረቱን በመዳፉ እየተከተለ አያት። ቀለም የተቀባው አሁን የእኔ ደጅ ላይ ፔቱኒያ ይዟል። እዚያ ሆኜ ማታ ማታ አያቸዋለሁ። ኔድራ ለእራት መጣራት ትታለች፤ ጎተራው ድረስ ሄዳ ትከሻውን ትነካዋለች።