ማግኔቱ የሳበው ክታቤ

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነስቻለሁ። መነሳት ከተባለ ነው፤ ጉልበቴ አብሮኝ መመስከር ስላልፈለገ ወንበሩን እንደያዝኩ ነኝ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ጎንደር ካድሬ ነበርኩ። እግዚአብሔር የለም እያልኩ አስተምር ነበር፤ እንጀራዬ አፌ ነበር። ከሸሚዜ ሥር ግን በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ አንጠለጥላለሁ። እግዚአብሔር የለም፣ ቡዳ ግን አለ። እንዲህ ያልኩ ፈላስፋ ነበርኩ።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ጌታን ተቀበለች። በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት ጋር መሆኗን ስሰማ፣ ወይ ጸሎትሽን ወይ ቤቴን ምረጪ አልኳት። አልተከራከረችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ አይከል ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የምንናገር እኔና ሬዲዮኑ ሆንን፤ ሬዲዮኑም የኔኑ ነበር የሚደግመው።

ዓመት ሳይሞላ ራሴን ያመኝ፣ ቃልም ይጠፋኝ ጀመር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ "ጓዶች" ካልኩ በኋላ የቀረው ጠፋኝ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እንደዚያ ቀን ንግግር አሳጥሬ አላውቅም። ጭንቅላትህ ውስጥ እብጠት አለ ተብዬ ባሕር ማዶ፣ ወዳጅ አገር ተላክሁ።

እኛ አገር ሰው ሲታመም ጠያቂው መቀመጫ ያጣል። እዚያ ግን ካልጋዬ አጠገብ ያለችው ወንበር ቀኑን ሙሉ ባዶዋን ትውላለች። ሰው እንድትመስለኝ ኮቴን አለበስኳት።

ለትምህርት የሄደ ያገራችን ሐኪም ነገሩን አስረዳኝ። እብጠቱ ያለው ከንግግር ቦታ አጠገብ ነው። ትልቅ ማግኔት ሳይቆርጥ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ያነባል፤ ንባቡም ወረቀት ላይ እንደ ስሜን ተራሮች ጫፍ ጫፍ ሠርቶ ይወጣል። ካንሰር ከሆነ አንዱ ጫፍ ከፍ ይላል። ያኔ መቆረጡ አይቀርም፤ አንደበቴም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ብረት ያለብህን ሁሉ አውልቅ ተባልኩ። ሰዓቴንና ቀበቶዬን አወለቅሁ። ክታቡን ግን ካድሬ እንዴት አድርጎ ያወጣል? ደበቅሁት። ማሽኑ ውስጥ ስገባ ክታቡ ከደረቴ ተነስቶ አገጬን መታኝ። ጎትተው አወጡኝ።

"ጋሼ፣ ብረት የለብኝም ብለው አልነበረም?" አለ ዶክተሩ።

"ብረት አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ያን ጊዜ ቃል የጠፋኝ በእብጠቱ አልነበረም።

ክታቡን ወስዶ መልሶ አስገባኝ። ሚስት የለ፣ ጓድ የለ፣ ክታብ የለ። ማሽኑ ብቻ ይደበድባል። "የጥሩወርቅ አምላክ፣ ሰው የለኝም" አልኩ። ከዚያ በላይ ጸሎት አላውቅም ነበር። እሱ ግን ሰማኝ፣ ወገኖቼ። ስሙ ይባረክ!

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ኮቴን አንስቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

"የፈራነው ጫፍ የለም። መግል ነው፤ በመድኃኒት ይድናሉ" አለኝ። ለጌታ ክብር ይሁን!

አገሬ ስገባ በቀጥታ አይከል ሄድኩ። ጥሩወርቅ ደጅ ላይ ቆማ አንገቴን አየች። ማሽን ጭንቅላቴን እንዳነበበው ነገርኳት።

"ጭንቅላትህን አንብበው ምን አገኙ?"

"መግል።"

"ይኸንንስ እኔም ሳላነብ አውቀው ነበር" አለችና ባዶ አንገቴን ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

ዛሬ እሷ ጌታ ዘንድ ናት። ቤቴ እንደገና ዝም ብሏል፤ ሬዲዮኑም ተበላሽቷል። ያቺን አጭር ጸሎት ግን አልለወጥኳትም፤ እሱም መስማቱን አልተወም። ስሙ ይባረክ!

እዚህ መካከል ሰው የለኝም የሚል ካለ፣ አንገቱ ላይ የደበቀውን አውርዶ ይምጣ። አጠገቤ የሷ ወንበር አለች። ኮቴን አነሳለታለሁ።