የሲቲ ትከሻና ሁለቱ መዝገቦች

ሲቲ ይማም ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ አሥራ ስድስት ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርታለች። በዲቪ መጥታ ሳን ፓብሎ ከገባች በኋላ ግን ስለዚያ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሳ ትውላለች። በፈረንጆቹ 1998 ቀኝ ትከሻዋ ያዛትና ፀጉሯን ማበጠር አቃታት። የሰጧት ክኒን ጨጓራዋን ከመላጥ በቀር የፈየደላት ነገር የለም።

አንድ ቀን ከሺፍት ስትወጣ የሠራተኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አየች። ኦክላንድ ውስጥ ትከሻቸውን ለሚያማቸው ሰዎች የቻይና ባህላዊ ሕክምና ጥናት ሊደረግ ነው፤ መርፌና የእሳት ሙቀት፣ በነፃ። «ነፃ» የምትለዋ ቃል ገና ከማንበቧ ቆረቆረቻት። ቤት ወስዳ ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጇ ለዩስራ አሳየቻት።

«ኢትስ ጀስት ኤ ስተዲ፣ እማ። ዩ ካን ኩዊት ኤኒታይም» አለች ዩስራ፤ ጥናት ብቻ ነው፣ በፈለግሽ ጊዜ ማቆም ትችያለሽ ማለቷ ነው።

ሲቲን ያስፈራት እሳቱ ነበር። በሰባት ዓመቷ የወፍ በሽታ ይዟት ዓይኗ ቢጫ ሲሆን አክስቷ ብረት አግለው ክንዷን ተኩሰዋታል። ጤና ጣቢያም ተተኩሰው ቁስላቸው ያመረቀዘ ሕፃናትን ስታጥብና ስታሽግ ኖራለች። ቢሆንም ሕመሙ ባሰባትና ሄደች።

ክፍሉ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ነበር። ዶክተር ሊን፣ ስልሳውን ያለፉ ቀጭን ሴት፣ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ ደረቅ ቅጠል ለማሳየት ለኩሰው ከትከሻዋ ሁለት ጣት ያህል አርቀው ያዙት። ሙቀቱ እንጂ እሳቱ አልነካትም። ጭሱ አፍንጫዋ ሲደርስ ሲቲ ቀና አለች።

«ይሄማ ጭቁኝ ነው!»

ቅጠሉን አሳዩኝ ብላ በጣቷ አሸችው። አገሯ ለመድኃኒት የሚለቀመው ሽታማ ቅጠል ራሱ አልነበረም፤ የጭቁኝ ዘመድ ነው። ያኔ ትንሽ ልቧ ረጋ። ዶክተሯ ግን ቀጠሉና ግማሹ ታካሚ ትክክለኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ፣ ለግማሹ ደግሞ መርፌው ከቦታው ውጪ እንደሚወጋ፣ እሳቱም ርቆ እንደሚያዝ ነገሯት። የትኛው እንደደረሰው ታካሚው የሚያውቀው በመጨረሻ ነው።

«ስለዚህ እኔን እያታለሉኝ ሊሆን ይችላል?»

«አዎ፣ ሊሆን ይችላል» አሉ ዶክተር ሊን።

ሲቲ እንዲህ በግልጽ ተናግሮ የሚያታልል ሰው አይታ አታውቅም። ወረቀቱን ሳይን አደረገች፤ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ የራሷን ደብተር ያዘች። ቀኑን፣ የሕመሙን መጠን ከአሥር ትጽፋለች፤ ቤቷ ከፍሪጁ አጠገብ ደግሞ እጇ የደረሰበትን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ታሰምራለች።

በየሕክምናው ቀን ቁጥሩን የሚጠይቃት ብራያን የሚባል የዶክተር ሊን ረዳት ነው። ፈገግታው አይጠፋም።

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«ስድስት? ቅድም ቀሎኛል ስትዪ ሰማሁ እኮ። አራት ብንለውስ?»

«ስድስት ነው ያልኩህ።»

ሳቅ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሁልጊዜ ወደ ራሱ አዙሮ ነው የሚጽፈው። ሲቲ አገሯ ሳለች ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያልከተቡትን ሕፃን ተከተበ ብለው የሚሞሉ ሰዎች ታውቅ ነበር፤ የእነሱም ፈገግታ እንደዚሁ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ስልክ ጠራና ብራያን ፋይሉን እንደከፈተ ወጣ። ሲቲ መነጽሯን አጠለቀች። ሰባት ያለችው አራት ሆኗል፣ ስድስት ያለችው ሦስት። ቁጥሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ዝም ልበል ብላ አሰበች። ግድግዳው ላይ ያለው መስመር እውነትም አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል፤ ነገሩ ከተነሳ ሕክምናው ይቀርባታል። ደግሞስ ብራያንን ያዘዙት ሴትዮዋ ራሳቸው ቢሆኑስ? ስለዚህ መጀመሪያ ዶክተሯን ልትፈትናቸው ቆረጠች።

«የእኔ ሕመም ስንት ደረሰ ይላል ወረቀቱ፣ ዶክተር?»

«አላውቅም። ጥናቱ ሳያልቅ ቁጥሩን እንዳላይ ሕጉ ይከለክለኛል።»

ያዘዙት እሳቸው ቢሆኑ ቁጥሩን ባወቁት ነበር ብላ፣ ሲቲ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ያየችውን ነገረቻቸው። ዶክተር ሊን ፋይሉን አስመጥተው ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ።

«ይሄኛው ለእኔ ጥሩ ቁጥር ነበር» አሉ የብራያንን እየነኩ። «ሃያ ዓመት ሲስቁብኝ የኖሩትን ሐኪሞች ዝም ያሰኛቸው ነበር።»

«እኔንም ያሰጋኝ እሱ ነው።»

ዶክተሯ ስልኩን አነሱ። ሲቲ ግን አልወጣችም። ለማን እንደሚደውሉ በጆሮዋ ሳትሰማ ንቅንቅ አትልም። የደወሉት ኤመሪቪል ለሚገኘው የጥናቱ መረጃ ያዥ ነበር፤ «ሁሉንም አቁሙ» ሲሉ ሰማች።

ብራያን የሠላሳ አንድ ሰው ቁጥር አበላሽቶ ተገኘ። ማንም አላዘዘውም፤ «ሥራቸው እውነት መሆኑን ስለማውቅ ነው» አለ አሉ። እሱ ተሰናበተ፣ ጥናቱም ተሰረዘ። እዚያው ይታከም የነበረ ሀብቱ የሚባል ታክሲ ነጂ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኛትና ጮኸባት።

«እጄን ማንሳት ጀምሬ ነበር እኮ! ምን አገባሽ?»

ሲቲ የመጣላትን አውቶቡስ ተሳፈረች። እሷም ብትሆን ትክክለኛው ሕክምና ደርሷት እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ በዚያው ሰሞን መጥቶላታል። ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ዩስራንም አስነበበቻት፤ ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አላመነችውም።

በዓመቱ ዶክተር ሊን አነስ ያለ ጥናት ከአዲስ ሲጀምሩ ደወሉላት። ቁጥር የምትጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ በሳምንት ሦስት ቀን።

«እኔንስ ማን ይቆጣጠረኛል?» አለች ሲቲ።

«ምን ይሻላል ትያለሽ?»

«ታካሚው ቁጥሩን በገዛ እጁ ይጻፍ። እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ እንጂ እርሳሱን አልነካም።»

እንደዚያው ሆነ። ያ ጥናት ሲያልቅ ትክክለኛው ሕክምና የደረሳቸው ካልደረሳቸው ይበልጥ ተሻላቸው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር። ዶክተር ሊን አዝነው ቆዩ። ሲቲ ግን ትንሽነቱን አይታ፣ የሚያታልል ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር አይጽፍም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነች፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ትከሻዋን ልትታከም እንደማንኛውም ሰው ቀጠሮ ያዘች።