የካሴቱ ሣር

የቪዲዮ ማጫወቻ ካሴት ሲውጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ መጀመሪያ ቀጭ ብሎ ቀጥሎ እንደ ደከመ ሰው ሲጥ የሚለው፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ጆሮዬ ላይ ይመጣል። የሚመጣብኝ ብዙውን ጊዜ ልብስ ስተኩስ ነው፤ ያን ካሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት ሳሎን በር ላይ፣ የተተኮሱ ሸሚዞች በክንዴ ይዤ ቆሜ ነበርና። የራሴን ልጅነት ብዙ አላወራም። የልጆቼን ልጅነት ሳስብ ግን የሚቀድመኝ ያ ድምፅ ነው።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ካርቱም ሁለት፣ ባለቤቴ የሱፍ ዘበኛ በሆነበት ሕንፃ ግቢ፣ ከደረጃው ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ሐያት አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ኢድሪስ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ተወልደው፣ አማርኛውን ከዐረብኛ እያደባለቁ ያደጉ ናቸው። የሱፍ ወሬ ይወድ ነበር። በመተማ በኩል ሲመጣ ስላጋጠመው አንበሳ ሲያወራ፣ አንበሳው በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ከሐፍላ አውቶቡስ የሚበልጥ ሆኖ ነበር። ልጆቹ የአባታቸውን ወሬ አፋቸውን ከፍተው ሰምተው፣ እውነቱን ሲፈልጉ ወደ እኔ ይመጡ ነበር።

«እማ፣ አንበሳው ምን ያህል ነበር?» ይለኛል ኢድሪስ።

«ጅብ ነበር» እለዋለሁ።

በቤታችን መማል አይፈቀድም ነበር። ካርቱም ውስጥ ሰው ቲማቲም ሲሸጥም፣ ስላመለጠው ሐፍላ ሲያወራም «ወላሂ» ይላል፤ ልጆቼም ከመንገድ ይዘውት ይገቡ ነበር። እኔ ግን አገር ቤት፣ ከደሴ ብዙ በማይርቀው ሐይቅ አጠገብ ያሳደገኝ አባቴ ለከብት ሽያጭ እንኳ የማይምል ሰው ስለነበር፣ እሱ እንዳስለመደኝ አስለመድኳቸው። ያየነውን እንናገራለን፣ ያላየነውን አናውቅም እንላለን፣ በዚያው ያበቃል።

አንድ ዓመት በሴፍ፣ ግድግዳው ሳይቀር በሚያልበው የሙቀት ወራት፣ ለአሠሪዬ ለሲት ሱዓድ ልጅ ለዋሊድ ከአጎቱ ከዱባይ ካሴት ተላከለት። ገና ያልወጡ የቪዲዮ ጌሞችን የሚያስተዋውቅ ነበር። ሸሚዝ ይዤ ሳልፍ ዐይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈና ቆምኩ። ዝናብ አባርቷል፣ አንድ ፈረስ ከተራራ ይወርዳል፣ ሣሩ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፤ ነፋስ ሲመጣ ሣሩ እንደ ውሃ እየተጠቀለለ ይሄዳል፣ ኮቴ የረገጠውም ቀስ ብሎ ተመልሶ ይነሣል። የፈረሱ ትንፋሽ ሳይቀር ይታያል።

«ዘሃራ፣ ፊልም እንዳይመስልሽ» አለኝ ዋሊድ። «ጌም ነው። ፈረሱን የምትነጂው አንቺው ነሽ።»

ካሴቱን መልሶ አጫወተልኝ፤ ሁለተኛውንም ቆሜ ጨረስኩት።

ማታ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ስለ ሐይቅ ሣር ስነግራቸው እነሱ የሚያስቡት ሆቴል በር ላይ በጎማ ቱቦ የሚጠጣውን፣ ተቆርጦ ተቆርጦ የአልጋ ልብስ የመሰለውን ነበር። ሌላ ሣር የት አይተው። ስለዚህ «አዲስ ጌም ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ሣር እያንዳንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ያደግሁበትም ሣር እንደዚያ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ለልጆቼ ስለ አገሬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር። ሐያት ሳትተነፍስ ሰማችኝ።

ከሕንፃችን በር ሁለት ቤት አልፎ ዐሚ ባቢክር የሚባሉ ሽማግሌ የከፈቱት ጌም ቤት ነበር፤ አራት ቴሌቪዥኖች፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮችና ጩኸቱ ከንፋሱ የሚበልጥ አንድ ማራገቢያ ያሉት። ሐያት ሰፈሩን ሁሉ እዚያ ሰብስባ የነገርኳትን ነገረች። ሀቡብ በመጣ ቁጥር፣ ሰማዩ ቀልቶ አቧራው መንገዱን ሲሸፍን፣ ልጆቹ በዚያች ክፍል በር ዘግተው ተቀምጠው ስለ ሣሩ ያስወሯት ነበር። ዐሚ ባቢክርም «ኢንሻላህ በኸሪፍ ይደርሳል» እያሉ ያስጠብቋቸው ነበር።

በኸሪፍ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ጌሙ ደረሰ። ያን ቀን ከሥራ ስመለስ የሱቅ ዐረቢ ገበያ በጎርፍ ተሞልቶ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ነው ቤት የደረስኩት። ሐያት በሩ ላይ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ሣሩ አይንቀሳቀስም።»

«እንዴት አይንቀሳቀስም?»

«ሣር የለማ! አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። ፈረሱም ካርቶን ነው፣ ፊት የለውም።»

በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ልጅቷ አንድም አልጨመረችም። መሬቱ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ወለል ነው፤ ፈረሱ ቀረብ ሲል ፊቱ ተሰባብሮ ማዕዘን ማዕዘን ይሆናል፤ ተራራውም በጉም ተሸፍኖ የለም። ዐሚ ባቢክር አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ልጆቹ የውሸት ቅጂ ገዝተዋል እያሉ እሳቸውንም መግቢያ መውጫ አሳጥተዋቸዋል።

ማታ ሐያት ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች።

«ወላሂ አይቻለሁ በይ።»

«አልምልም። አይቻለሁ ብያለሁ።»

«እንግዲያው የሐይቁስ ሣር?» አለች።

 እኔ ሳልመልስላት የሱፍ አላስቻለውም። «እንኳን ወደ እኛ ወገን በደህና መጣሽ» አለኝ። «ቦታ አለ፣ ጠጋ እልልሻለሁ።» ኢድሪስ ሣቀ፤ እኔም ትንሽ ሣቅሁ። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ኸሪፉ እስኪወጣ የሰፈሩ ልጆች አንድ ጨዋታ አመጡ። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ፣ ሃሸም በሚባል ረጅም ልጅ መሪነት በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሰለፉና፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እንደ ሣር ይወዛወዛሉ። አንዱ በአፉ ነፋስ ያፏጫል። «ደህና አደርሽ፣ ኻልቶ! እንዳትረግጪን!» ይላል ሃሸም። ሰላምታቸውን እየመለስኩ አልፍ ነበር። ለእኔ ምንም አልነበረም፤ ሐያት ግን በዚያ መንገድ መሄድ ትታ በጓሮ ዞራ ትወጣ ጀመር። ከዚያም የባሰው፣ አባቷ ሲያወራ ወደ እኔ ዞራ እውነቱን መጠየቋን ማቆሟ ነበር።

የሲት ሱዓድ ቤተሰብ ያን ጊዜ ለዕረፍት ካይሮ ሄዶ ነበር። የቤቱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየሄድኩ አቧራ እጠርግ፣ አበባ አጠጣ ነበር። ካሴቱም የሳሎኑ ቁም ሣጥን መስታወት ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ይታየኛል።

«ይዘሽው መጥተሽ፣ አሳይተሽ፣ ማታውኑ መመለስ ነው» አለኝ የሱፍ። «ማን ያውቃል?»

«የሰው ቤት ነው።»

አንድ ቀን መስታወቱን ስወለውል እጄ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ላይ ቆየ። በሩ ሲጥ ብሎ ትንሽ ተከፈተም። መልሼ ዘጋሁትና ጨርቄን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እውነተኛ መሆኔን ለልጄ ለማሳየት ብዬ በስርቆት መጀመር አልሆነልኝም።

ዝናቡ አቁሞ፣ የሺታ ብርድ ሊገባ የጠዋቱ አየር ቀዝቀዝ ሲል ከካይሮ ተመለሱ። ሻንጣቸውን እንኳ ፈተው ሳይጨርሱ ሲት ሱዓድ ፊት ቆሜ ካሴቱን ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ጠየቅኋቸው።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ከእኔ ምንም ጠይቀሽ አታውቂም» አሉ እየሣቁ። «በመጨረሻ የጠየቅሽው የፈረስ ካሴት ነው?»

ዋሊድ ግን አልሣቀም። ተከትሎኝ ኩሽና ድረስ መጣ።

«ውሰጂው፣ ባትመልሺውም ግድ የለኝም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጌሙን ከካይሮ ገዛሁት። ዋናውን፣ በማሸጊያው። ስመለስ እንዲያዩት የክፍሌን ልጆች ሁሉ ጠርቼ ነበር እኮ።»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገውም። ዋናውም ያው ካርቶን ፈረስ ነበር።

በሐፍላው ውስጥ ካሴቱን ጭኔ ላይ አድርጌ የሽፋኑን ጽሑፍ አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ነው፤ ተቀምጦ ተቀምጦ ዝጎ ነበር። ከሥሩ፣ ከስፌት ቀዳዳ በማይበልጥ ፊደል፣ «የሚታየው ምስል ከጨዋታው ሊለይ ይችላል» የሚል መስመር ነበረ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ነው የራሴ ጥፋት የት ላይ እንደነበረ የገባኝ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የዐሚ ባቢክር ቤት ጢም ብሎ ሞላ። የሱፍ ከሁለተኛው ፎቅ ተከራይ የቪዲዮ ማጫወቻ ተውሶ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ። ሐያት በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ቆማለች። እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ግን ሳልናገር ካሴቱን መክተት አልፈለግሁም።

«ስሙኝ» አልኳቸው በዐረብኛ። «እኔ ያየሁት ካሴቱን ነው። ጌሙን አላየሁም ነበር። ለሐያት ግን ጌሙ እንዲህ ነው ብዬ ነገርኳት። ያላየሁትን መናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፣ የእሷ አይደለም። ያየሁትን አሁን ታያላችሁ።»

«ኻልቶ፣ ካሴቱ ባዶ ቢሆንስ?» አለ ሃሸም።

«ያን ጊዜ ትወዛወዛላችሁ።»

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ካሴቱን አስገባሁት። ቀጭ አለ፣ ሲጥ አለ፣ መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው እየተጎተተ ቆመ። በደበዘዘው ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ በአፉ ነፋስ አፏጨ፣ ሌላውም ተከተለው። ካሴቱ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል፣ አውጥቼ እንኳ ላሳያቸው አልችልም። የሱፍ ዘሎ ተነሣ።

«ወላሂ ውስጥ አለ!»

«የሱፍ!» አልኩት።

«እሺ፣ ሳልምል፣ ውስጥ አለ።»

ከዚያ ጊዜ ለመግፋት የአንበሳውን ወሬ ጀመረላቸው። አንበሳው ገና ከጫካው ሳይወጣ ማራገቢያው ተንጫጫ፣ ቴሌቪዥኖቹም አንድ በአንድ በሩ።

ፈረሱ ከተራራው ወረደ። ሣሩ ተኛ፣ ተነሣ፣ እንደ ውሃ ተጠቀለለ። ከኋላ የነበሩት ልጆች ለማየት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጡ። ዐሚ ባቢክር በዝግታ ሄደው አጠገቡ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ጌሙን ከፈቱ። ሁለቱ ፈረሶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ የሚተነፍስ፣ አንዱ ካርቶን።

«ይኸኛው የዚያኛው የእንጀራ ልጅ ነው?» አለ ኢድሪስ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሣቁን መያዝ አልቻለም።

የሽፋኑን ትንሽ ፊደል ጮክ ብዬ አንብቤ ተረጎምኩላቸው፣ የዋሊድንም ነገር ስሙን ሳልጠራ፣ ዋናውን የገዛ ሰው ያው እንደሆነበት ነገርኳቸው። ዐሚ ባቢክር ሁለት እጃቸውን አነሡ።

«ሰማችሁ? የእኔ ፈረስ አልታመመም! ሲወለድም እንዲህ ነው!»

ሃሸም ዘወር ብሎ አየኝ። «ኡሙ ሐያት እውነት ተናገረች» አለ፣ የሐያት እናት ማለቱ ነው፤ ልጆቹም ተቀብለው እያጨበጨቡ፣ ቤቱ እስኪናወጥ ደጋገሙት። ሐያት ግን ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን ነበር የምታየው። በሰው መሀል እየተጋፋች መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«የሐይቁም ልክ እንደዚህ ነው?»

«ከዚህ ያጥራል» አልኳት። «ፈረስም አልነበረንም። በቅሎ ነበረችን፣ እሷም ትራገጥ ነበር።»

ፊቷ በራ። ወዲያው ዞራ አጠገቧ ላለችው ልጅ በዐረብኛ፣ እናቴ አገር ያለው ከዚህ ትንሽ ያጥራል፣ የምትራገጥ በቅሎም አለችን፣ እያለች ታወራላት ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ ልጆቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈዋል። ሃሸም እጁን ዘረጋ፣ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ተወዛወዙ፤ ሳልፍ ግን እንደዚያ ካሴት ሣር ወደ መሬት ጎንበስ ብለው፣ ካለፍኩ በኋላ ቀስ ብለው ተነሡ። ሐያት አብራኝ ነበረች፤ በመንገዱ መሀል፣ ቀና ብላ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። የሱፍ አንበሳውን ይዞት ወደማይቀርበት ሄዷል፣ አላህ ይማረው። ኢድሪስ ሱቅ ዐረቢ ሞባይል ይጠግናል፤ በቀደም ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጌም ከፍቶ ጠራኝ፣ ሣሩ እያንዳንዱ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። «በመጨረሻ ደረሱብሽ፣ እማ» አለኝ። አሁን መንገዱም ሱቁም በምስል ተሞልቷል፤ ሰዉም ምስል አይቶ ቶሎ አያምንም፣ ደግ አደረገ። ያን ጊዜ ለመታመን ካሴት ተውሼ፣ መብራት ጠብቄ፣ ሰፈር ሰብስቤ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ «በደቡብ በኩል ሀቡብ ይታየኛል» አልኩ። ከውጭ ፀሐይዋ ገና እንደደመቀች ነበር። ሐያት ከወንበሯ ተነሣች፤ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ወጥታ ልብሱን ከገመዱ ማውረድ ጀመረች።