ሩቁን የሚያቀርብ

ሸበቶው ሰውዬ በገበያ ቀን ከፈሀድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አይቀርም። መተማ ዮሐንስ በሙቀት ስትቀቀል እሱ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የመርኩብ ጫማውን አቧራ ደጃፉ ላይ አራግፎ ይገባል። የአሮጌ ካሜራው ማንገቻ ስለተበጠሰ የሰሊጥ ጆንያ በሚሰፋበት ሲባጎ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎታል። "ለራሴ ነው፤ ወፍ አነሳበታለሁ" ይላል። ወፍ ሲያነሳ ግን ያየው የለም።

ዛሬም፣ የሰሊጥ ባለሀብቶች እንኳ ዋጋውን ሰምተው የሚመልሱትን አዲሱን ካሜራ አስወረደ።

"ለኔ ቢጤ ያዋጣል? ከዚህ ከኔው በምን ይበልጣል?"

"ወላሂ፣ አባቴ፣ ሩቁን ነው የሚያቀርብልዎ! ማዶ ሱዳን፣ ገላባት የቆመ ሰው ግንባሩ ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይታይዎታል።"

ሰውየው በረንዳው ላይ ወጣ። ኬላውን ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን ስለሚያውቅ ቁልፉን አልነካም። መጀመሪያ በአሮጌው፣ ቀጥሎ በአዲሱ የድንበሩን ማዶ አየ። ፈሀድም ወደዚያው ቢመለከት፣ ገበያ በዋለ ቁጥር ከቦታዋ የማትጠፋው ሰማያዊ ቶብ የለበሰች ሻይ ሻጭ ተቀምጣለች። ሰውየው አዲሱን ካሜራ ከዓይኑ ሳይነቅል ብዙ ቆየ። ፈሀድ በልቡ "ዛሬስ ወሰደው" አለ።

ሰውየው ግን ካሜራውን በእጅጌው ወልውሎ መለሰለት።

"አልወደዱትም?"

"እንከን የለውም። የኔው ይበቃኛል" አለና ሲባጎውን አንገቱ ላይ አስተካከለ። "በኔው ሳያት ልጄን ትመስላለች።"