ከሆዴ ጋር የታረቅሁበት ዓመት

በደርግ ጊዜ ነው። ቁስለት የጎዳውን ግማሽ ጨጓራዬን አዲስ አበባ ቆርጠው አውጥተውልኝ ወደ አንኮበር ተመለስኩ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የምትኖሪው ጥቂት ጥቂት እየበላሽ ነው» ብሎኝ ስለነበር ተጠንቅቄ አገገምኩ። በፋሲካ ግን ዘመድ ሁሉ «በሞቴ!» እያለ ሲያጎርሰኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ወዲያው አጥወለወለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ያጎረሱኝን ሁሉ አስመለስኩት።

ከዚያ ወዲያ እህል ፈራሁ። ሰውነቴ አልቆ፣ ቀሚሴ ሰፍቶኝ፣ አልጋ ላይ ዋልኩ።

ከሕመሜ በፊት አሊዩ አምባ ገበያ ወርጄ በርበሬ እየገዛሁ እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ገበያ እሸጥ ነበር። በርበሬውን የምትሸጥልኝ ሙስሊም ወዳጄ መቅረቴን ሰምታ ዳገቱን ወጥታ ቤቴ መጣች። አጥሚት ሠርታ በሲኒ ሰጠችኝ።

«ይህቺን ብቻ ጠጪ። ሌላውን ነገ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።»

«ቢያስመልሰኝስ?»

«ቢያስመልስሽ እንደገና እንሞክራለና!»

አላስመለሰኝም። አንዱ ሲኒ ሁለት ሆነ፣ ቀስ በቀስም ፍትፍት ተጨመረበት። ከደጄ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መራመድ ጀመርኩ። «በሞቴ ጉረሺ» የሚለኝንም ሰው «አንተው በሞቴ ተወኝ» ማለት ለመድኩ።

ክረምቱ ሲወጣ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ወዳጄ ከሩቅ አይታኝ በገበያው መሐል እልልታዋን አቀለጠችው። በርበሬዬን በአህያ ጭኜ፣ በየመንገዱ ቁራሽ ቂጣ እያላመጥኩ፣ ያንን ዳገት ማንም ሳይደግፈኝ ወጣሁት። አናቱ ላይ ስንደርስ የደከመችው አህያዬ ናት፤ እኔንማ ዘፈን ዘፈን አሰኝቶኝ ነበር።